ፍሬን የሌላት ጀልባችን

ጀልባችንን መጀመሪያ ያየናት ውሃ በሌለበት ቦታ ነው። ለሚ ኩራ ውስጥ፣ ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መስመር ከሚዘረጋበት ጅምር ሕንፃ አጠገብ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት ከብረትና ከጠጠር ክምር መሃል ነጭ ጀልባ ተጎልታ አየ። ያን ዕለት ቤት የገባው ፎቶዋን ስልኩ ላይ ይዞ ነው። ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ።

"እስቲ እያት" አለኝ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ከሥራ ተመልሼ እግሬን ዘርግቼ በተቀመጥኩበት ሰዓት ቀልድ አልወድም።

"አብደሃል እንዴ? ሳሊተ ምሕረት ላይ ጀልባ ምን ሊያደርግልን ነው?"

"ላንጋኖ አለ እኮ።"

እውነት ነው፣ ላንጋኖ አለ። እሱና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ሐይቁ ዳር በጋራ የሠሯት ሁለት ክፍል ቤት አለች፤ በየተራ እንሄድባታለን። እዚያ ስንደርስ ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ባለቤቴ ዓሣ የሚባል ነገር ይዞ የማያውቅ መንጠቆውን ይወረውራል፣ እኔ ወንበሬን ከውሃው ራቅ አድርጌ እዘረጋለሁ። ዋና አልችልም። ከዚያ በላይ ከሐይቁ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ስለ አባቴ ካልተናገርኩ ግን የጀልባዋ ነገር አይገባም። አባቴ አርባ ዓመት ግድም የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ የደሴ መስመር ሹፌር። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከእኛ ጋር ነው። ልጅ ሆኜ ከጉዞ ሲመለስ የሚነግረኝ ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ረዳቱ ነበር፤ ከኋላ በር ላይ ቆሞ ሰው ስለሚያሳፍረውና ስለሚያወርደው፣ ዕቃ ስለሚጭነው ሰው። "እኔ የኋላውን አላይም" ይለኝ ነበር። "ረዳቱ ቆርቆሮውን አንዴ ከመታ እቆማለሁ፣ ሁለቴ ከመታ እሄዳለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅም።" መንገድ ላይ ቆመው ሲያድሩም ቁልፉን ለረዳቱ ሰጥቶ ይተኛል። ረዳቱ መኪናው ውስጥ ያድራል። ሁለቱ ከሚስቶቻቸው ይልቅ እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር፤ ይህን ያለችው እናቴ ናት።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው። ልጆቼን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ዳቦ የሚያመጣው፣ ዝናብ ሲጥል እኔን ከፋርማሲው በር ላይ የሚወስደኝ በእሷ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ልጆቹን ጭኖ ከግቢ ሲወጣ የጎረቤታችንን የብረት በር በመኪናዋ ግራ ጎን ገጨው። ማንም አልተጎዳም። የበሩ አንድ ክንፍ ተጣመመ፣ መብራቷ ተሰበረ፣ ትንሿ ልጄ ደንግጣ አለቀሰች። እኔ በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ወጣሁ። ጎረቤት ተሰብስቧል። አባቴ ወርዶ በሩን ያያል፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነው። ንዴቴን መቆጣጠር የማላውቀው እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቁልፉን ከእጁ ላይ ነጠቅኩት። "ከዛሬ ጀምሮ በቃ!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

እሱ ባዶ እጁን ትንሽ አየት አደረገና ልጆቹን በእግሩ ሊያደርስ ይዟቸው ሄደ።

በኋላ ዓይኑን አስመረመርነው። ሐኪሙ የግራ ዓይኑ በግፊት እንደተጎዳ ነገረን፤ መኪናዋም ተሸጠች። ልክ ነበርኩ ማለት ነው፣ ግን ልክ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሥራው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ መለየት ሆነ። "ይሄ ክላቹን ጨርሷል" ይላል ለራሱ። አሁን አሁን ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ድምፅ የለውም። "እነዚህስ ከነጭራሹ ነጠቁኝ" ብሎ አንድ ቀን ሳቀ። "ነጠቁኝ" ያላት ቃል ልቤን ወጋችው። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ ወደ በረንዳው ወጥቻለሁ! እደርስና "ሻይ ላምጣልህ?" ብዬ እመለሳለሁ።

የጀልባዋ ወሬ በተነሳ በሳምንቱ ከባለቤቴ ጋር ከቦሌ ወደ ቤት ስንመለስ ገርጂ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪናው ንቅንቅ አይልም። እሱ መሪውን በጣቱ እየመታ ቆየና "ለልጆቹ መስሎሻል አይደል?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ጀልባዋ። ለአባባ ነው እኮ ያሰብኩት። ሐይቅ ላይ የሚገጭ በር የለም።"

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እኔ ልጁ ሆኜ ያላሰብኩትን እሱ ስላሰበው። ቀጥሎ አለቀስኩ። አጠገባችን የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ባለቤቴ መስኮቱን ዘጋልኝ። "እሺ፣ ግዛት" አልኩት። መሪዋን የሚይዘው ራሱ አባቴ መሆኑን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ልንነግረው ተስማማን።

እንግዲህ እኛ ጀልባ መምረጥ የት እናውቃለን? የምናውቀው መኪና መግዛት ነው። ስለዚህ መኪና እንደሚገዛ ሰው ሆነን ሄድን። ባለቤቴ መኪናችንን የሚሠራልንን መካኒክ ይዞ መጣ። እኔ ሁሉም አዲስ አበቤ የሚጠይቃቸውን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ መጣሁ፤ መለዋወጫዋ ይገኛል ወይ፣ ብንሸጣትስ ታወጣለች ወይ። አባቴን "ሞተሩን ስማልን" ብለን አመጣነው። ሊሄድ ነው ሲባል ግራጫ ኮቱን ለበሰ፤ አውቶቡስ ሲነዳ የሚለብሰው ዓይነት ኮት ነው።

ግቢው ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ጀልባ ነበር። አንዷ ቀይ፣ ሹል፣ ሁለት ትልልቅ ሞተር ከኋላዋ የተሸከመች። ሌላዋ ባለቤቴ ከፎቅ ያያት ነጭ፤ አንድ ሞተር፣ ስድስት መቀመጫ፣ ከላይ ጥላ፣ ከፊት በኩል ደግሞ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ የሚተኛባት ትንሽ ክፍል አላት። ሻጩ ቀዩዋን ሊሸጥልን ቸኩሏል። "ይቺ በረራ ናት" ይላል። ባለቤቴ ዓይኑ ከቀዩዋ ላይ አልነቀል አለ። ወንድ ልጅ ስንት ዓመት ቢሆነው ቀይ ነገር ሲያይ እንዲህ ነው።

መካኒካችን ነጯ ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ ገባ። ቀና ብሎ "ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?" አለ።

"ጀልባ የምትቆጠረው በሠራችበት ሰዓት ነው፣ ወንድሜ" አለው ሻጩ።

መካኒኩ ወደ እኛ ዞሮ እያጭበረበረን ነው የሚል ምልክት በዓይኑ ሰጠን። ከዚያ አኩርፎ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

አባቴ ግን ሁለቱንም ትቶ ጫማውን አወለቀ። በካልሲው መጀመሪያ ቀዩዋ ላይ ወጣ፣ ቀጥሎ ነጯ ላይ። ወደ መሪው አልሄደም። የተሳፋሪው ወንበሮች ላይ አንድ በአንድ ይቀመጣል፤ ወደ ጎን ይደገፋል፤ እጁን ዘርግቶ የሚያዝ ብረት መኖሩን ያያል፤ ልጅ የታቀፈ ሰው እንደሚያደርገው ክንዱን አጥፎ ብድግ ቁጭ ይላል። ትንሿ ክፍል ውስጥ ገብቶ ኮቱን እንደለበሰ በጀርባው ተጋደመ። ሻጩ አባቴ የታመመ መስሎት ደነገጠ።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ተሳፋሪ ሆኖ ነው" አልኩት። አባቴ አዲስ አውቶቡስ በተሰጠው ቁጥር መጀመሪያ በየወንበሩ ይቀመጥ እንደነበር ከእናቴ ሰምቻለሁ፤ ሲያደርገው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ወጥቶ እግሩን አንጠልጥሎ ጠርዟ ላይ ተቀመጠና "ቀዩዋ የሚያዝ ነገር የላትም" አለ። "እሷ ለነጂው ብቻ ነው የተሠራችው። ይቺኛዋ ለሰው ናት። ግን ፍሬኗ የታለ?"

"ጀልባ ፍሬን የለውም አባባ" አለው ሻጩ።

"የለውም?"

"የለውም። ሊቆሙ ሲሉ ቀደም ብለው ነዳጁን ይቀንሱና በራሷ ተንሳፋ ትቆማለች።"

አባቴ ይህን ሲሰማ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋበት መሰለ። "ፍሬን የሌለው ነገር ላይ የልጅ ልጆቼን አላሳፍርም" አለና ወርዶ ጫማውን ለማጥለቅ ጎንበስ አለ። ባለቤቴ እኔን አየኝ፣ እኔ ሰማዩን አየሁ። ከዚያ አባቴ አንዱ ጫማ እግሩ ላይ፣ አንዱ እጁ ላይ እንዳለ ቆመ። "ቀደም ብለው አልከኝ?" አለው ሻጩን። "ስንት ሜትር ሲቀር?"

"እንደ ጭነቷ ነው፤ እንደ ንፋሱም።"

"የጣርማ በርን ቁልቁለት እኮ በፍሬን የሚወርድ ሰው ገደል ነው የሚገባው" አለ አባቴ፣ ለማንም ሳይሆን። "በማርሽ ነው። ከላይ ሆነህ የታቹን ታስባለህ።" ጫማውን መልሶ መሬት አስቀመጠው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም ነበር።

ሞተሯን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረው አስነሱለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። "አንዷ ካንዴላ ደክማለች" አለ። አኩርፎ የነበረው መካኒካችን ፈታና አወጣት፤ ከሰል መስላ ነበር። የዚያን ቀን ጀልባዋ የእኛ ሆነች ማለት ይቻላል። የቀረው ወረቀቱ ነበር።

በጭነት መኪና ተጎትታ ሳሊተ ምሕረት ስትደርስ ሰፈሩ ወጥቶ አያት። ግቢያችን ውስጥ ገብታ ከበሩ እስከ ልብስ ማስጫው ሞላችው። ጎረቤት "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሊል መጣ፤ በሩ የተገጨበት ጎረቤታችን ሳይቀር። እሳቸው ዞር ዞር ብለው ካዩዋት በኋላ "ደም አስረገጣችኋት?" ብለው ጠየቁ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው በግ አርዶ ደሙን በጎማው የሚረግጥበትን ልማድ ማለታቸው ነው።

"ምኗ ይረግጣል? ጎማ የላት" አልኩ።

"የተቀመጠችበት ተሳቢ አለው እኮ" አሉ እሳቸው። ባለቤቴ ነገሩን ወደደው። በጉ ታረደ፣ ተሳቢው ወደፊትና ወደኋላ ተገፋ። ጀልባዋ ከላይ ሆና አየች።

መድኑም በዚያው መንገድ ሄደ። የመኪናችንን ኢንሹራንስ የሚያድስልን ወኪል ስልኩን ይዞ መጣ፣ ከአራት ማዕዘን ፎቶ አነሳ፣ "ሊብሬና ሰሌዳ" አለ። ጀልባዋ ሰሌዳ የላትም። ሰሌዳም ሊብሬም ያለው ተሳቢው ነው። ባለቤቴ ደስ ብሎት የተሳቢውን ሊብሬ አውጥቶ ሰጠው። በእኛ ዘንድ ሊብሬ ያለው ነገር እውነተኛ ንብረት ነው፣ ሌላው ወሬ ነው። ወኪሉ የተሰጠውን ይዞ ሄደ፤ በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት ውል መጣ። ባለቤቴ ኪሱ ውስጥ ሊከተው ሲል ቀማሁት።

እኔ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሁሉ አንብቤ ነው የማድረው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። "ስማ" አልኩት። "'ተሽከርካሪው ወደ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ሌላ ውሃ በመግባቱ የሚደርስ ጉዳት በዚህ ውል አይሸፈንም።'"

"ምን ማለት ነው?"

"ውሃ ካልነካት ዋስትና አላት ማለት ነው። በጉም ለተሳቢው፣ ኢንሹራንሱም ለተሳቢው።"

አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ እየሰማን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ "ካልተስተካከለ ግን አንድም ልጅ አይሳፈርም" አለ። ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ።

እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ የውሃ ላይ ንብረት መድን የሚዋዋል ቢሮ አለ ተባለ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር አባቴን ይዤ ሄድኩ። የሞተሯን ቁጥር፣ የአካሏን ርዝመት፣ የጥላዋን ስፋት በቃሉ ይዞታል፤ እኔ ደግሞ ከኋላ ምን እንዳላት እንኳን አላውቅም። ያነጋገረችን ወጣት ሴት ነበረች፣ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች። የየትኛው ሐይቅ ነው? ስንት ሰው ነው የምትይዘው? ስንት ተንሳፋፊ ጃኬት አላችሁ? የእሳት ማጥፊያስ? አባቴ ሁሉንም ይመልሳል። እኔ ልጄን ፈተና ላስፈትን የሄድኩ ይመስል ከጎኑ ተቀምጬ ኮርቻለሁ።

"መሪውን የሚይዘው ማን ነው?" አለች።

ሐይቁ ዳር ልንነግረው ያሰብነው ነገር እዚያ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወጣ። "አባቴ ነው" አልኩ።

አባቴ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። "እኔ?"

"አንተ። ለዚህ ነው የተገዛችው።"

ጉልበቱ ላይ የነበሩት እጆቹ ቀስ ብለው ተከፈቱ። ያኔ አቅፌው ልስመው ነበር፤ ወረቀት ላይ ስለሆንን ተውኩት።

ልጅቷ የምትለውን ማለት ነበረባት። መሪውን የሚይዘው ሰው ሰባ ዓመት ካለፈው የዓይን ሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከሰባ በታች ከሆነ ግን መታወቂያው ይበቃል። "መታወቂያ ይዘዋል አባባ?" አለችው። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አየችና ፈገግ አለች። "ስልሳ ዘጠኝ። ለጥቂት ነው ያመለጡት!"

የአባቴ ዕድሜ ሰባ ስድስት ነው።

መታወቂያው ለምን እንደሚዋሽ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ድርጅቱ ውስጥ ሲቀጠር ሰባት ዓመት ቀንሶ ነው ያስመዘገበው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያደርገው ነበር፤ አንዱ ለደመወዝ፣ አንዱ ለትምህርት። አባቴ ያደረገው ከአውቶቡሱ ላይ ቶሎ እንዳያወርዱት ነው። ያ ውሸት አብሮት ኖሮ እነሆ አሁን ሊያገለግለው ተነሳ። ልጅቷ መጻፍ ጀመረች። እኔ፣ ደቃቅ ጽሑፍ የማያመልጠኝ ሴት፣ ዝም አልኩ። የግራ ዓይኑ ምን እንደሆነ እያወቅኩ ዝም አልኩ። እነዚያን የተከፈቱ እጆች ዳግመኛ ባዶ የማደርጋቸው እኔ መሆን አልፈለግኩም። አፍሬበታለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

"ቆይ ልጄ" አለ አባቴ። "ብዕሩን ያዢው።"

ልጅቷ ቀና አለች።

"መታወቂያዬ አይታመንም። ሰባት ዓመት ጨምሪበት። የግራ ዓይኔም አያይም።"

"አባዬ!" አልኩ።

"ምን አባዬ አባዬ ትያለሽ? ለአውቶቡሱ ብዬ ዋሸሁ፣ እሱ አልፏል። በእነዚህ ልጆች ላይ አልዋሽም።" ወደ ልጅቷ ዞረ። "ነጂ ብለሽ እሷን ጻፊ።"

"እኔን? እኔ ዋና እንኳን አልችልም!"

"መኪና ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? ጀልባ ላይ ደግሞ እግረኛ የለ፣ ምን ያስፈራሻል?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔን ረዳት ብለሽ ጻፊኝ፣ ልጄ።"

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች አየችው። "አባባ፣ ፎርሙ ላይ ረዳት የሚል ቦታ የለም።"

"ጠርዙ ላይ ጻፊዋ።"

ጻፈችለት። በእጅ ጽሑፍ፣ በወረቀቱ ዳር፣ ከስሙ ቀጥሎ "ረዳት"። ለውሉ ምን እንደሚጨምር አላውቅም፤ ምናልባት ምንም። እሱ ግን መነጽሩን አውጥቶ በደህና ዓይኑ ካነበበው በኋላ ነው ከወንበሩ የተነሳው።

መኪናችን ጋ ደርሰን ገብተን ተቀመጥን። ቁልፉን አላዞርኩም።

"አባዬ፣ ያን ቀን ቁልፉን የነጠቅኩህ..."

"አውቃለሁ።"

"ይቅር በለኝ። ልክ ብሆንም ይቅር በለኝ።"

"ዓይኔ ከዚያ በፊት በብዙ ወር ነው የሄደው" አለ። "አውቅ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ዛሬ እሰጣታለሁ እላለሁ፣ መስጠት አቃተኝ። ስትወስጂው ግማሹ ልቤ አረፈ። ሰው ፊት መሆኑ ግን አስከፍቶኛል።"

"ይከፋሃል እንጂ" አልኩ፣ ንፍጤን እየጠረግኩ።

"ይቅር ብዬሻለሁ። በይ አስነሺ። የቀኝ መስታወትሽን አስተካክይው፣ ሰማዩን ነው የምታዪበት።"

ላንጋኖ ላይ ጀልባ የሚያከራይ አንድ ሰው ለሁለት ቅዳሜና እሁድ አስተማረኝ። ጎበዝ ተማሪ አልነበርኩም። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ አንዴ ጀልባዋን ሸምበቆ ውስጥ ሰክቻት ባለቤቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ገብቶ ገፋን። አባቴ ዳር ቆሞ እያየ አንድም ቃል አልጣለብኝም። አነዳዴ ጥሩ እንዳልሆነ ያወቅኩት በዝምታው ነው።

በሦስተኛው ጉዞ ሁላችንም ተሳፈርን። አባቴ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ በላዩ ላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ጃኬት አድርጎ መጣ። ልጆቹን አስቀመጠ፣ የጃኬታቸውን ማሰሪያ ሁለት ሁለት ጊዜ ሳበ፣ ባለቤቴን "አንተ ወደ መሃል ግባ፣ ከብደሃል" ብሎ አዛወረው፣ ሰው ቆጠረ። ስልሳ ሰው የሚጭን አውቶቡስ ይመስል ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው። እኔ መሪው ላይ ነኝ፤ ላብ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። አባቴ ከኋላ ብረቱን ይዞ ቆመ።

ከዚያ የጀልባዋን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታው።

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ነዳጅ ሰጠኋት። ልጆቹ ጮሁ፣ ባለቤቴ ባርኔጣው በረረበት፣ ዳሩ ከኋላችን እየራቀ ሄደ። ደስ አለኝ! ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወደ ኋላ መዞር ስለማልችል አባቴን አላየሁትም፤ ግን ለልጆቹ በቀኝ በኩል ያለውን ተራራ እንደ ፌርማታ እየጠራ ሲያሳያቸው ይሰማኛል።

ስንመለስ የሚያስፈራኝ መቆሚያው ነበር። ከእንጨት የተሠራች ርብራብ ናት፤ ሁለቱን ቅዳሜና እሁድ የደበደብኳት እሷን ነው። ገና ሩቅ ሳለን፣ በእኔ ግምት የሐይቁ ግማሽ ሲቀረን፣ ከኋላ አንዴ ተመታ።

አሁን? አልኩ በሆዴ። እጄ ግን ታዘዘ፣ ነዳጁን ለቀቅኩ። ሞተሯ ዝም አለች። ጀልባዋ ልጆቹን፣ ባለቤቴን፣ እኔንና አባቴን ይዛ በራሷ ተንሳፈፈች፣ ተንሳፈፈች፣ እያዘገመች ሄዳ እንጨቷን በቀስታ ነካቻት። ድምፅ እንኳን አልነበረውም።

አባቴ ገመዱን አሰረ። ልጆቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዞ አወረደ፣ ባለቤቴን አወረደ፣ ደግሞ ቆጠረ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ሞተሯን አጥፍቼ ቁልፉን ነቀልኩ፤ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዳይሰምጥ ቀይ ቡሽ የታሰረበት ቁልፍ ነው። ስዞር ርብራቡ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶልኛል። ልይዘውና ልወርድ እጄን ስሰጠው በጭንቅላቱ አይደለም አለኝ።

"መኪናው ሲቆም ቁልፉን የሚይዘው ረዳቱ ነው" አለ።

መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቶቹን አጥፎ ያዘው፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ኪሱን ከላይ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ነው ሌላውን እጁን ለእኔ የዘረጋልኝ።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?" አለኝ።